የጦስ ዶሮ የማይፈልጉ አለቃ

ስለ ህንዱ አብዱል ካላም ሲወራ ሁለት ነገር ይደጋገማል። ጋዜጣ ያዞር የነበረው የራሜስዋራም ከተማ ልጅ፣ ከዚያ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ። መሃሉ ይዘለላል። እኔን የሚስበኝ ግን መሃሉ ነው። ሰውየው ኢንጂነር ነበሩ፤ ለዓመታትም የአንድ መከላከያ ምርምር ተቋም አለቃ።

እዚያ ከመድረሳቸው በፊት የሆነውን ልንገራችሁ (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆች ውሰዱልኝ)። ኦገስት 10 ቀን 1979 ነው። ካላም የህንድ የመጀመሪያዋ ሳተላይት አምጣቂ ሮኬት፣ የኤስኤልቪ-3 ፕሮጀክት ኃላፊ ናቸው። ቆጠራው ሊያልቅ ሲል ኮምፒውተሩ አይተኮስም ብሎ ያዘ። ባለሙያዎቹ ፍሳሽ መኖሩን አዩ፤ ቢሆንም የቀረው ነዳጅ ይበቃል አሉ። ካላም ኮምፒውተሩን አልፈው አስተኮሱ። የመጀመሪያው ክፍል በደንብ ሠራ። ሁለተኛው አቅጣጫውን ሳተ፤ ሮኬቱ ሄዶ ባሕር ውስጥ ገባ።

ውሳኔው የካላም ነበር፤ ሌላ ሰው የሚፈለግበት ነገር የለውም። ጋዜጠኞች ፊት የቀረቡት ግን የሕዋ ምርምር ድርጅቱ ሊቀመንበር ሳቲሽ ዳዋን ናቸው። ኃላፊነቱን ራሳቸው ወሰዱ። በቡድኔ እተማመናለሁ፣ በሚቀጥለው ይሳካል አሉ። ጁላይ 18 ቀን 1980 እውነትም ተሳካ። ያን ቀን ዳዋን ወደ ኋላ ብለው መግለጫውን ለካላም ተዉላቸው። ካላም ይህን ታሪክ በየመድረኩ ሲያወሩት ኖረዋል።

አሁን እኛ ጋ ገልብጡት። ሲሳካ ሪባን ቆራጩ አለቃው ነው። ሲበላሽ ደግሞ ግምገማ ይጠራና አንድ ጀማሪ ኢንጂነር የጦስ ዶሮ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት ማን ደፍሮ አዲስ ነገር ይሞክራል? ሁሉም ፊርማውን ይሰስታል።

ካላም በ1982 ሃይደራባድ ያለውን የመከላከያ ምርምርና ልማት ላቦራቶሪ ሊመሩ ሲሄዱ የገቡት ቅስሙ በተሰበረ ቤት ነው። የሶቪየትን ፀረ አውሮፕላን ሚሳኤል ፈታትቶ መሰሉን ለመሥራት የተጀመረው “ዴቪል” የሚባል ፕሮጀክት ከመንገድ ቀርቷል። ሠራተኛው አንገቱን ደፍቷል። ካላምና የሚኒስትሩ የሳይንስ አማካሪ አሩናቻላም ሚሳኤሎቹን በየተራ የመሥራት ዕቅድ ይዘው ቀረቡ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ቬንካታራማን በየተራ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉንም ባንዴ ጀምሩ አሏቸው። በ1983 ለአምስት ሚሳኤሎች 3.88 ቢሊዮን ሩፒ ተፈቀደ።

አምስቱ ፕሮጀክቶች ለአምስት ኃላፊዎች ተሰጡ። ፕሪትቪን ኮሎኔል ሱንዳራም፣ ረጅም ርቀት የሚሄደውን አግኒን አጋርዋል ያዙ። ፕሪትቪ በ1988 ተሳካ። አግኒ ግን አስቸገረ። በ1989 ሁለት ጊዜ ቆጠራው ተጀምሮ ተቋረጠ፤ ጋዜጦቹ በካርቱን ተሳለቁ። አጋርዋል ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ሜይ 22 ቀን አግኒ ከቻንዲፑር ተወነጨፈ። በነገራችን ላይ፣ አግኒን ከሙቀት የሚከላከለው ቀላል ቁስ ኋላ ላይ ለፖሊዮ ሕፃናት የእግር መደገፊያ ተሠራበት። ከ3 ኪሎ በላይ ይመዝን የነበረው የብረት መደገፊያ ወደ ጥቂት መቶ ግራም ወረደ። ካላም ከሚሳኤሉም በላይ በዚህ ይደሰቱ ነበር።

እስካሁን አመሰገንኩ። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ከአምስቱ አንዱ፣ ትሪሹል፣ በ2008 ተዘጋ። ሌላው፣ አካሽ፣ የህንድ ምድር ጦር እጅ በይፋ የገባው በ2015 ነው። ከ1983 ቁጠሩት! ለስህተት ጥላ የሚሆን አለቃ ለመጓተትም ጥላ ሊሆን ይችላል። ባሕር የገባ ሮኬትን አገር ያየዋል። የዘገየ ሚሳኤል ግን “ምስጢር ነው” ከተባለ አለቀ፣ ጠያቂ የለውም። መከላከያ ምርምር ከሕዋ ምርምር የሚከብደው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አለቃው ጥፋትን መሸከም ብቻ ሳይሆን፣ ይሄኛው አይሆንም፣ ዝጉት የሚል ድፍረትም ያስፈልገዋል። ካላም መጀመሪያውን ተክነውበታል። ሁለተኛውን ግን በ1992 ወደ ዴልሂ ከፍ ብለው ሲሄዱ ለተተኪዎቻቸው ተዉት፤ ትሪሹልንም የዘጉት ሌሎች ናቸው።