ደሞዝ የሌለው፣ ክፍያ ያለው ሥራ

ደብረ ማርቆስ፣ ቡና ሲጠጣ የተነሳ ክርክር ነው። መነሻው አሜሪካ በአንድ ትንሽ የሊበራል አርትስ (ሙያ ሳይሆን ሰፋ ያለ አጠቃላይ ትምህርት የሚሰጥ) ኮሌጅ ታሪክ የምታጠና ልጅ ለአጎቷ የላከችው መልእክት ነበር። ክረምቱን ሙዚየም ውስጥ ልትለማመድ ነው። ደሞዝ የለውም፤ ሦስት ክሬዲት ይያዝላታል፤ ለክሬዲቱ ግን ኮሌጁ ያስከፍላታል።

አጎትየው ነጋዴ ናቸው፤ ስሌቱ አልዋጥ አላቸው። “በነጻ ትሠራለች። ስለሠራች ደግሞ ትከፍላለች። እንዴው ይሄ የማን አገር ሂሳብ ነው?”

አጠገባቸው የተቀመጠው የምህንድስና መምህር ሊያስረዳቸው ሞከረ። “ጋሼ፣ የሚከፈለው ለሥራው አይደለም፤ ለኮርሱ ነው። አንድ ክሬዲት ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ሰዓት ከክፍል ውጭ፤ በ15 ሳምንት ሲባዛ 45 ሰዓት። ልምምዱም በዚሁ ልክ ይሰፈራል። በብዙ ኮሌጆች ለአንድ ክሬዲት ከ40 እስከ 45 ሰዓት ነው፤ ሦስቱ ከ120 እስከ 135 ይሆናል። በሳምንት 20 ሰዓት ብትሠራ ከስድስት እስከ ሰባት ሳምንት።”

“ሰዓቱን ከሞላች ታዲያ ጽሑፉ ምንድን ነው? ማስታወሻ ጻፊ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አሥር ገጽ አምጪ ብለዋታል።”

ይሄኔ ከእንዲህ ያለ ኮሌጅ ተመርቃ የመጣች ወጣት ገባችበት። ሰዓት ብቻውን እዚያ ምንም አያስገኝም አለች። የሊበራል አርትስ መምህራን ሥራን እንደ ትምህርት መቁጠር አይወዱም፤ ለልምምድ ጭራሽ ክሬዲት የማይሰጡ ኮሌጆችም አሉ። የሚሰጡትም አካሄዱን ያጠብቁታል። ተማሪዋ ቦታውን ራሷ ታገኛለች፤ ከዚያ ከትምህርት ክፍሏ ኃላፊነት የሚወስድላት መምህር ትለምናለች። ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ የአብዛኞቹ መምህራን ውል የዘጠኝ ወር ስለሆነ ክረምት ላይ የሰው ማስታወሻ ማንበብ ትርፍ ሥራ ይሆንባቸዋል። መምህር ከተገኘ የስምምነት ፎርም ይሞላል፤ እሷ፣ የሙዚየሙ አለቃዋና መምህሩ ይፈርሙበትና የምዝገባው ቀን ሳያልፍ ሬጅስትራር ይገባል። ሠርቼ ጨርሻለሁና ክሬዲት ስጡኝ የሚል ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም፤ መልሱም ያው ‘አይሆንም’ ነው።

“ፎርሙን የሚጥለው ደግሞ ‘ዓላማ’ የሚለው ሳጥን ነው” ብላ ቀጠለች። “‘ስለ ሙዚየም አሠራር መማር’ ብለው ይጽፋሉ፤ ይመለሳል። ‘አንድን የዕቃ ስብስብ ከእነ መገኛው እመዘግባለሁ፤ ዕቃዎቹ ወደ ሙዚየሙ በምን መንገድ እንደገቡ ከትምህርቴ ንባብ ጋር አያይዤ እጽፋለሁ’ ብትል ግን መምህሩ የሚያርመው ነገር አገኘ።”

የምህንድስና መምህሩ አልተዋጠለትም። “የእኛ ይሻላል፤ ቁርጥ ያለ ነው። በሞጁላር ሥርዓቱ ጊዜ ለምህንድስና ተማሪ አንድ ሴሚስተር ሙሉ፣ በአውሮፓው የክሬዲት መለኪያ 30 ኢሲቲኤስ፣ ግዴታ። ድርጅቱም ዩኒቨርሲቲውም ውጤት ይሰጣሉ።”

“የማስታወሻ ደብተራቸውንስ አይተኸዋል?” አለችው።

ሳቀ። አይቶታል። የወራቱ ሥራ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ሌሊት የተጻፈ፤ እሑዱም ሳይቀር ‘ማሽን ስንፈትሽ ዋልን’ የሚል፤ የድርጅቱ አለቃ ደግሞ ላየውም ላላየውም 95 የሚሰጥበት።

እስካሁን ዝም ብለው የቆዩት መሪጌታ ስኒያቸውን አስቀመጡ። “ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ መምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩ እዚያው ያርመዋል። ስንት ሰዓት ጫካ ውስጥ ተቀመጥህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሳይነግር ቢከርም ደግሞ ማን ቅኔ ያውቃል ይለዋል?”

አጎትየው ግን ከገንዘቡ አልወረዱም። “እንግዲያው ክሬዲቱ ይቅርባትና ዝም ብላ ትሥራ!”

“ቪዛዋስ?” አለች ወጣቷ። እንደ እሷ በኤፍ-1፣ ማለትም በተማሪ ቪዛ፣ ላለ የውጭ ተማሪ ከግቢ ውጭ ለመለማመድ ሲፒቲ የሚባል ፈቃድ አለ። ደሞዝ ያለው ሥራ ያለ ፈቃድ አይነካም፤ ደሞዝ ለሌለውም ቢሆን ብዙ ኮሌጆች መጀመሪያ የውጭ ተማሪዎች ቢሮን ጠይቁ ይላሉ። ሲፒቲ የሚሰጠው በመደበኛው አንድ የትምህርት ዓመት ለተማረ፣ ልምምዱም የሥርዓተ ትምህርቱ አካል ለሆነ ነው፤ ያንን ማሳያው ብዙ ጊዜ ክሬዲቱ ነው። የአሠሪው ስምና የሚጀመርበት ቀን ኮሌጁ ለውጭ ተማሪ በሚሰጠው አይ-20 የተባለ ቅጽ ላይ ይሰፍራል፤ ከዚያ ቀን በፊት መጀመር ጥፋት ነው። በሳምንት ከ20 ሰዓት ካለፈ ሙሉ ጊዜ ይባላል፤ የሙሉ ጊዜው 12 ወር ከሞላ ደግሞ ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው ኦፒቲ የተባለው የሥራ ፈቃድ ይቀራል።

የምህንድስና መምህሩ “ለማንኛውም ክሬዲት ካለ አለመክፈላቸው ሕጋዊ ነው” ሲል ይህንንም አረመችው። የአሜሪካ ሠራተኛ መሥሪያ ቤት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለትርፍ በቆሙ ድርጅቶች ላይ የሚያየው ከልምምዱ ይበልጥ የተጠቀመው ማን እንደሆነ ነው፤ ክሬዲቱ ከሚመዘኑት ሰባት ነጥቦች አንዱ ብቻ ነው።

የእኔን ፍርድ ለጠየቀ፣ አጎትየው በክረምቱ ክፍያ እውነት አላቸው። ለትምህርት የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ ክረምትን እምብዛም አይሸፍንም፤ እያንዳንዱ ክሬዲት ለብቻው ይከፈልበታል። መመረቂያዋ ካልጎደለባት ሦስቱን ክሬዲት በክረምት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ሙዚየሙ ለኮሌጁ ቅርብ ከሆነ ወደ መደበኛው ሴሚስተር ታዛውረው፤ 135ቱ ሰዓት ለ15 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ዘጠኝ ነው፤ የኮርስ ጭነቷ ከተፈቀደው ካላለፈ ተጨማሪ ክፍያ አይኖረውም፤ ለፈቃዱም ከ20 ሰዓት በታች ነው። የግድ ክረምት ከሆነ አንድ ክሬዲት ወይም ከዚያ ያነሰ ኮርስ እንዳለ ትጠይቅ፤ ለሲፒቲ ይበቃ እንደሆነም የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ይነግራታል።

ከመሪጌታው ጋር ደግሞ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ፎርሙ ሳይፈረም መምህሩን “ማስታወሻዬን በስንት ጊዜ አንዴ ያነቡልኛል?” ትበለው። በየሁለት ሳምንቱ ካለ ትፈርም። “መጨረሻ ላይ አንድ ላይ አምጪው” ካላት ሌላ መምህር ትፈልግ።