ሽንት ቤት ቆጠራው ይብቃን! ጉድጓዱ ሲሞላስ?

ኧረ ጎበዝ፣ እስከ መቼ ነው በር እየቆጠርን የምናጨበጭበው? ኖቬምበር 19፣ የዓለም የመጸዳጃ ቤት ቀን በመጣ ቁጥር ያው ነው፦ አዲስ ቀለም የተቀባ በር፣ ሪባን፣ ባነር፣ ከሥሩ ደግሞ «ይህን ያህል መቶ ሽንት ቤት ገንብተን አስረከብን»። በዓመቱ ተመልሶ ያንኑ በር ከፍቶ የሚያይ ግን የለም። ቢያይ አንዱ ተቆልፏል፣ ሌላው እስከ አፉ ሞልቷል።

ቀኑ ለምን እንደተጀመረ አልረሳንም። ጃክ ሲም እ.ኤ.አ. በ2001 ሲንጋፖር ውስጥ የዓለም የመጸዳጃ ቤት ድርጅትን ሲያቋቁም ትልቁ እንቅፋት እፍረት ነበር። በ2013 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ቀኑን ተቀበለው። ትልቅ ድል ነው፣ ማንም አይክደውም። እፍረቱ ግን አልጠፋም፤ ከበሩ ወደ ጉድጓዱ ወረደ እንጂ። ስለ ሽንት ቤት በአደባባይ እናወራለን፣ ስለ ዝቃጩ ግን ትንፍሽ አንልም።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ለ2022 ያወጡትን ቁጥር እዩት። ሜዳ ላይ የሚጸዳዳው 419 ሚሊዮን ሰው ነው። ደኅንነቱ የተጠበቀ አገልግሎት የማያገኘው ግን 3.5 ቢሊዮን። በመሃል ያለው ከ3 ቢሊዮን በላይ ሕዝብ እኮ የሆነ ዓይነት ሽንት ቤት አለው! ወይ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ይጋራዋል፣ ወይ ጉድጓዱ ተገቢ ወለል የለውም፣ ወይ የሚወጣው ቆሻሻ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ይህ ሁሉ በር በመቁጠር ይፈታል?

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። በደረቅ ጉድጓድ አንድ ሰው በዓመት እስከ 60 ሊትር ዝቃጭ ያጠራቅማል ብላችሁ ያዙ። 6 ሰው ያለበት ቤተሰብ 360 ሊትር ማለት ነው። ጉድጓዱ 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር ቢሆን፣ የላይኛው ግማሽ ሜትር ባዶ መቅረት ስላለበት የሚይዘው 2,500 ሊትር ነው። ወደ 7 ዓመት ያገለግላል። አሁን ያንኑ ጉድጓድ ለ30 ሰው ስጡት፦ በ1 ዓመት ከ5 ወር አለቀ! ዳይፐር፣ ፌስታልና ጠርሙስ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም በፊት። ይህን ስሌት ሳይሠራ «ለማኅበረሰቡ የጋራ ሽንት ቤት» ብሎ አስረክቦ መሄድ ምን ይባላል?

የአየር ማስወጫ ቱቦውን ነገርማ ተዉት። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀጥ ያለ ቱቦ፣ ከጣሪያው ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል። ነፋሱ በአፉ ላይ ሲያልፍ ሽታውን ከጉድጓዱ ይስባል፣ ንጹሕ አየር በመቀመጫው ቀዳዳ ይገባል። ጉድጓድ ውስጥ የተፈለፈለው ዝንብ ብርሃን ፍለጋ ወደ ቱቦው ጫፍ ይወጣል፣ እዚያ ወንፊቱ ይይዘውና ይሞታል። ለዚህ ነው ክፍሉ ጨለምለም ማለት ያለበት፤ ውስጡ ከበራ ዝንቡ በቀዳዳው ይወጣል። ታዲያ የሚሠራው ምንድን ነው? ወንፊቱ ይረሳል። ወይም ተራ የብረት ወንፊት ይደረግና የጉድጓዱ ጋዝ በልቶት ዝጎ ይበጣጠሳል። ወይም «ዝናብ እንዳይገባ» ተብሎ ቱቦው አናት ላይ ክርን (የታጠፈ መገጣጠሚያ) ይገጠምለታል፤ ነፋሱም ብርሃኑም ተዘጋ ማለት ነው። ይባስ ብሎ ቀዳዳው ላይ ግጥም ያለ ክዳን ይጫናል። ክዳን የግድ የሚያስፈልገው ቱቦ ለሌለው ሽንት ቤት ነው፤ ቱቦ ላለው ግን አየሩን ያፍነዋል። ሁለቱን ማምታታት የሰርክ ስሕተት ሆኗል። አልፎ አልፎ አንድ ባልዲ ውኃ በቱቦው አፍስሶ የሸረሪት ድር ማጠብ እንኳ የማን ሥራ እንደሆነ አይነገርም።

ባለ ሁለት ጉድጓዱ ሽንት ቤትም እንደዚሁ። ሐሳቡ ግሩም ነው፦ አንዱ ሲሞላ ይዘጋል፣ ሌላው ይሠራል፣ የተዘጋው 2 ዓመት ያህል አርፎ የወስፋት እንቁላሉ ሁሉ ሲሞት ይጠረጋል። ነገር ግን ቆሻሻውን ወደ ሁለቱ ጉድጓዶች በሚመራው ማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ አንዱን መስመር በጡብ መድፈን ያስፈልጋል። ያ አንድ ጡብ ካልተደረገ ሁለቱም ጉድጓዶች እኩል ይሞላሉ፣ ዕረፍት የሚባል ነገር የለም፣ የሚጠረገውም ትኩስ ሰገራ ነው። አንድ ጡብ እኮ ነው!

ሴቶችና ልጃገረዶች ጋ ስንደርስ ደግሞ ያናድዳል ብቻ አይደለም፣ ያማል። ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ የሌለው፣ መብራት የሌለው፣ ለወር አበባ ሞዴስ መጣያ ክዳን ያለው ቅርጫትና እጅ መታጠቢያ ውኃ የሌለው ክፍል ለእነሱ ሽንት ቤት አይደለም። ለትምህርት ቤት ለ25 ሴት ተማሪ 1 መቀመጫ የሚለው መመሪያ በሩን ብቻ አይደለም የሚቆጥረው፤ መከፈቱንም ጭምር ነው። «እንዳይቆሽሽ» ተብሎ የተቆለፈ ሽንት ቤት ከሌለ በምን ይሻላል?

ከሁሉ የሚብሰው ጠራጊዎቹ ላይ የሚደርሰው ነው። የጉድጓድ ጋዝ፣ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ፣ ሲያንስ የበሰበሰ ዕንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። ሠራተኛው «ሽታው ጠፋ» ብሎ ይወርዳል፣ ይወድቃል። ሊያወጣው የገባውም አብሮት ይሞታል። ወደ ጉድጓድ ሰው መግባት የለበትም፣ አለቀ! ዝቃጩ ከጠጠረ ውኃ ጨምሮ ማማሰል፣ ቆሻሻውን በረጅም መንጠቆ ማውጣት፣ ከዚያ በቦቴ ማስመጠጥ ነው። ቦቴው የሚገባበት መንገድ ከሌለ ደግሞ ይህ መታሰብ የነበረበት ጉድጓዱ ሳይቆፈር ነው።

እንግዲህ ሽንት ቤት ገንብታችሁ የምታስረክቡ ሁሉ፣ በጀት ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉልን። ቁልፉን ማን ይይዛል? ሲሞላ ማን፣ በማን ገንዘብ ያስመጥጠዋል? ቦቴው ጭኖ ከወጣ በኋላስ የት ያራግፋል? የማድረቂያ ቦታ ከሌለ ወንዝ ዳር ነው የሚደፋው፤ ያ ሁሉ ሰገራ ተመልሶ የሚጠጣ ውኃ ውስጥ ይገባል። በሚቀጥለው ኖቬምበር የበር ፎቶ አትላኩልን። የማራገፊያውን ፎቶ ላኩልን።