አንዷ ሜትርና ሃያው ሜትር

ጥያቄው፦ አክሲዮን እየሸጡ ማዕድን የሚፈልጉ ትንንሽ ኩባንያዎች ለባለሀብት የሚያወጡት የቁፋሮ ዜና ይታመናል?

አክሲዮን ገዢዋ፦ አይታመንም። ይዋሻሉ ማለቴ አይደለም፤ ውሸት ቢሆንማ ቀላል ነበር። ዜናው "20 ሜትር፣ በቶን 5 ግራም ወርቅ" ይላል እንበል። ያጓጓል። የየሜትሩ ውጤት ወደተዘረዘረበት ሰንጠረዥ ስወርድ አንዷ ሜትር ብቻዋን 96 ግራም አላት። የቀሩት 19 ሜትሮች እያንዳንዳቸው 0.2 ግራም ናቸው። አማካዩ 5 ገደማ ይመጣል፤ ሒሳቡ ልክ ነው! ወርቁ ግን ያለው አንዷ ሜትር ላይ ነው። በዚያ ላይ ጉድጓዱ ወርቅ ያዘለውን ድንጋይ በሰያፍ ካለፈበት፣ 20 ሜትሩ ትክክለኛ ውፍረቱ አይደለም። ይቺ ደግሞ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ነው የምትጻፈው።

ጂኦሎጂስቱ፦ ታዲያ ሰንጠረዡን ከየት አገኙት? ኩባንያው ራሱ አውጥቶት አይደል! ብሬ-ኤክስን ያስታውሱ። ይህ የካናዳ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ፣ ቡሳንግ ላይ 71 ሚሊዮን አውንስ ወርቅ አለ ብሎ ዋጋው 6 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። ከጉድጓድ የወጣው ድንጋይ ግማሹ ለማመሳከሪያ ይቀመጣል፤ የሙያው ወግ ነው። እነሱ ሙሉውን ፈጩት። እ.ኤ.አ. በ1997 ፍሪፖርት የተባለው ኩባንያ እዚያው ቆፍሮ ሲያየው ወርቅ የሚባል ነገር የለም። ለካ ናሙናው ላይ ወርቅ ሲነሰነስበት ኖሯል። 43-101 የሚባለው እ.ኤ.አ. የ2001 የካናዳ ደንብ የዚያ ጣጣ ውጤት ነው። ዛሬ ዜናውን ያጸደቀው ባለሙያ ስሙ ይጠቀሳል።

አክሲዮን ገዢዋ፦ ይጠቀሳል፤ ግን የኩባንያው ደሞዝተኛ ሊሆን ይችላል። "ኢንፈርድ" የሚሉት ግምታዊ ክምችትስ? ላም አለኝ በሰማይ ነው። ርዕሱ ላይ ግን "ሚሊዮን አውንስ" ተብሎ ይደምቃል።

ጂኦሎጂስቱ፦ ትንሽ ኩባንያ ገቢ የለውም። የሚቆፍረው በእናንተ ገንዘብ ነው። ሁሉም እስኪጣራ ዝም ይበል ካልን፣ ወሬው የውስጥ ሰዎች ጋ ብቻ ይቀራል፤ የሚነግዱበትም እነሱ ናቸው። የወለጋውን የቱሉ ካፒ የወርቅ ቦታ የያዘው ኬፊ የተባለው ኩባንያ እንኳ አክሲዮኑ የሚሸጠው ለንደን ነው። ስለ ቦታው ብዙ ነገር የምናነበው ለዚያ ገበያ ከተጻፈ ዜና ነው።

አክሲዮን ገዢዋ፦ እንግዲያው ያቺ አንድ ሜትር ርዕሱ ላይ ትጻፍ።

ጂኦሎጂስቱ፦ "96 ግራም!" ተብሎ? እርስዎ ራስዎ ሮጠው ይገዙ ነበር።

አክሲዮን ገዢዋ፦ ገዝቼ ነበርኮ። ሰንጠረዥ ማንበብ ከየት የተማርኩ መስሎዎት ነው?