አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ሰሞኑን ምርቱ ሳልሞኔላ በተባለ ባክቴሪያ ተበክሎ ከገበያ እንዲሰበስብ የተገደደ አንድ የዶሮ ሥጋ ማቀነባበሪያ ድርጅት መግለጫ ሰጥቷል። ኃላፊው ጥፋቱን የሠራተኞች የንጽሕና ግንዛቤ ማነስ ላይ ጥለው፣ ሁሉም እንደገና እንደሚሠለጥኑ አስታውቀዋል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ጓንት መታደሉንም ለድርጅቱ ጥንቃቄ በማስረጃነት ጠቅሰዋል።

ከጓንቱ እንጀምር። ከዶሮ አንጀት የወጣ ባክቴሪያ ጎማ ላይ ስላረፈ አይሞትም። ባዶ እጁን የሚሠራ ሰው ቢያንስ መቆሸሹ ይሰማዋል፤ ጓንት ያጠለቀው ግን በዚያው ጓንት ሆድ ዕቃ ይጎትታል፣ ቢላዋ ያነሳል፣ የበር እጀታ ይጨብጣል። በየጊዜው የማይቀየር ጓንት ለሠራተኛው እጅ እንጂ ለበላተኛው ሆድ ምኑም አይደለም። ይህን ማስረጃ ብሎ ያቀረበ ሰው ሌላውን ግንዛቤ የለህም ሲል ትንሽ አያፍርም?

እጅ መታጠብ እንዳለበት የማያውቅ ሠራተኛ እስኪ ያሳዩኝ። ጠይቁት፤ በሳሙና፣ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይላችኋል። ግድግዳው ላይ ተለጥፎለታል። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ደንብ፣ ዶሮዎቹ ተራ በተራ የሚያልፉበት የማቀነባበሪያ መስመር የፍጥነት ጣሪያ በደቂቃ 140 ዶሮ ነበር። ሠራተኛው የተማረውን 20 ሰከንድ ሲታጠብ 46 ዶሮ ያልፋል፤ ወደ ቧንቧው ሄዶ የሚመለስበት ሳይቆጠር። መስመሩ አይጠብቀውም። ተቆጣጣሪውም የሚቆጥረው ያለፈውን ዶሮ እንጂ የታጠበውን እጅ አይደለም። የተራድኦ ድርጅቱ ኦክስፋም አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሪፖርት፣ በዚያው አገር ለሽንት እንኳ ከመስመር መውጣት ተከልክለው ዳይፐር አድርገው የሚሠሩ የዶሮ ማቀነባበሪያ ሠራተኞች እንዳሉ አጋልጧል። ሽንት ቤት የማይፈቀድለት ሰው እጁን የሚታጠበው መቼ ነው? የትኛው ሥልጠና ነው ይህን የሚያስተካክለው?

ደግሞስ ብክለቱ ሁሉ ከእጅ ነው ያለው ማን ነው? ዶሮዎቹ አንድ ሙቅ ውኃ ውስጥ ተራ በተራ ይነከራሉ፤ ላባ መንቀያው በእነዚያው የጎማ ጣቶች ሁሉንም ይዳብሳል፤ በደንብ ያልተስተካከለ ማሽን አንጀት ይበጥሳል። ማሽኑ ግን ለሥልጠና አይጠራም።

ሥልጠና ጭራሽ አያስፈልግም አልልም። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ በማብሰል እንደማይጠፋ፣ መግል የያዘ ቁስል ያለበት እጅም ሥጋ መንካት እንደሌለበት የማያውቁ ይኖራሉ። ያወቀውስ ምን ይሁን? ተቅማጥ ይዞኛል ያለ ሠራተኛ የዕለት ደመወዙ የሚቆረጥ ከሆነ፣ በማግሥቱ ደህና ነኝ ብሎ ይገባል። ይህን ውሸት ያስተማረው የግንዛቤ ማነስ ሳይሆን የደመወዝ መክፈያ ሰነዱ ነው።

መግለጫው ስለ መስመሩ ፍጥነትም ሆነ ስለ ሕመም ፈቃድ አንድም ቃል የለውም። የሥልጠናው ቀን ግን ከወዲሁ ተቆርጧል፤ በሠራተኞቹ የዕረፍት ቀን።