23 ኪሎ

እናቴ «ቪዛሽ መውጣቱን ለሰው ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ዓይን አለ» ብላ አስማለችኝ። በማግስቱ ደሴ፣ ሸዋ በር ዳቦ ልገዛ ስወጣ ባለሱቁ «እንኳን ደስ አለሽ! ዱባይ ነው አሉ» አለኝ። ማን ነገረህ? አልኩት።

«እናትሽ ናቸዋ። ለሰው እንዳትናገር ብለውኛል።»

ከዚያ ወዲህ በራችን ተዘግቶ አያውቅም። ጎረቤት ፌስታሉን አንጠልጥሎ ይመጣል። ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ማተብ ያሰሩት እትዬም ከሁሉም ቀድመው «አሚን!» ይላሉ። (ወሎ ነን፤ ምርቃት ከየትም ቢመጣ አንመልስም።) እንግዳው ይሄዳል። ፌስታሉ ይቀራል።

የወረቀቱ ጣጣም ቀላል አልነበረም። ኤጀንሲ፣ ሜዲካል፣ አሻራ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923 የብቃት ማረጋገጫ ስለሚጠይቅ ሲኦሲ የሚሉትን የሙያ ብቃት ምዘናም ተፈትኛለሁ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ቤት የጠረግኩ ሰው፣ መጥረግ እንደምችል የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። እናቴ አንብባው «እኔን ቢጠይቁኝ ትወድቂ ነበር» አለች።

ዋናው ፈተና ግን ሻንጣው ነው።

ትኬቱ ላይ 23 ኪሎ ይላል። ሰፈራችን ውስጥ ደህና ሚዛን ያለው ወፍጮ ቤት ነው። ወንድሜ ሻንጣውን ተሸከመ፤ ፌስታል ያመጣ ሁሉ ከኋላ ተከተለ። ባለወፍጮው ጋሼ የማሽላ ጆንያ አውርደው ሻንጣዬን አስቀመጡት። መነጽራቸውን በዱቄት የነጣ ጋቢያቸው ላይ ወለወሉ።

«41።»

ሁሉም ዝም አለ። «እህል ቢሆን ደግ ነበር» አሉ ጋሼ።

ተከፈተ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በፎጣ እንደ አራስ ልጅ የተጠቀለለ ጀበና። እትዬ ሦስት ኪሎ በርበሬያቸውን በሁለት እጃቸው ተጫኑት። ሪያድ ላለችው ልጃቸው ነው።

«እትዬ፣ እኔ እኮ የምሄደው ዱባይ ነው። ሪያድ ሌላ አገር ነው።»

«ያው ዓረብ አገር አይደል? እረፍት ስትወጪ ብቅ ብለሽ ትሰጫታለሽ።»

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዱባይ ሪያድ የዚያ እጥፍ ነው፣ ያውም በአየር አልኳቸው።

«እሰይ! በአየር ከሆነማ ምን አላት!»

እናቴ ደግሞ ወፍራም ጋቢ ይዛ ቆማለች። እማ፣ እዚያ በጋ ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው ብላት ትንሽ አሰበችና «ማታስ?» አለች።

በመጨረሻ ጋሼ ፈረዱ። «የሰው አደራ አይነካም። ቀሚሱ ይውጣ።» ቀሚሶቼ ወጡ። ሹራቦቼ ወጡ። ጫማዬ ወጣ። 23 ሞላ። ሻንጣው ውስጥ የእኔ ብዬ የምምልበት የጥርስ ብሩሼ ብቻ ቀረ፤ እሱንም ጋሼ በጣታቸው ከፍ አድርገው አይተው መለሱት።

መቼም ሰው ራሱ አይመዘንም። በበረራዬ ጠዋት ሦስት ቀሚስ፣ ሁለት ሹራብ፣ ከላይ ካፖርት ደራርቤ ወደ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ወረድኩ። ደሴ ላይ ደህና ነበርኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንጨርስ ላቡ ከአገጬ ይንጠባጠብ ጀመር። ሹፌሩ በመስታወት አየኝና መስኮቱን ዝቅ አደረገልኝ።

«አብሽሪ እህቴ» አለኝ፣ «ገና ኮምቦልቻ ነው።»