አድራሻውን ማን ንካ አለህ? የሪቨርስ ፕሮክሲ ብሶት

የሪቨርስ ፕሮክሲ ሥራ ጥያቄውን ከተጠቃሚው ተቀብሎ ከኋላው ላለው ሰርቨር ማድረስ፣ መልሱንም ይዞ መመለስ ሆኖ ሳለ፣ መሐል ላይ አድራሻውን ፈትቶና አስተካክሎ እንደገና የመጻፍ ሥልጣን ማን እንደሰጠው እስካሁን አልገባኝም። አድርስ የተባለ መልእክተኛ የፖስታውን አድራሻ በገዛ እጁ ገልብጦ ቢያመጣ ማን ይታገሠዋል?

ነገሩ በአማርኛ ለምንሠራ ይብሳል። እያንዳንዱ ፊደላችን ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል አቀማመጥ ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ዩአርኤል (የድር አድራሻ) ውስጥ ሲገባ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንትና በሁለት ምልክት ስለሚጻፍ (ይህ ነው ኢንኮድ ማድረግ የሚባለው)፣ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፤ «ሰላም» ብቻውን 27 ምልክት ነው። ይህንንስ ችለነዋል። ያቃተን እዝባሯ (ስላሽ) ናት። ፍ/ቤት፣ መ/ቤት፣ ት/ቤት እያልን ሳናሳጥር የማንጽፍ ሰዎች ስለሆንን፣ የሰነዱ ርእስ ሊንኩ ውስጥ በሚገባበት ሲስተም ላይ ይህች እዝባር የፎልደር መለያ እንዳትመስል «ፐርሰንት ሁለት ኤፍ» (%2F) ተብላ ትላካለች። ብራውዘሩ በትክክል ይልካል፣ አፕሊኬሽኑም በትክክል ይጠብቃል፤ የምትበላሸው መንገድ ላይ ነው።

ለፕሮክሲነት በሚያገለግለው ኤንጂንኤክስ በተባለው ሰርቨር ላይ፣ ጥያቄው ወዴት እንደሚተላለፍ በሚነግረው «ፕሮክሲ ፓስ» በሚለው መስመር ከፖርት ቁጥሩ ቀጥሎ አንዲት ስላሽ ካለች፣ አድራሻው ዲኮድ ተደርጎ (ኢንኮድ የተደረገው ተፈትቶ) ይተላለፋል፤ «ፍ/ቤት» የነበረው አንድ ስም «ፍ» የሚባል ፎልደርና በውስጡ «ቤት» የሚባል ፋይል ሆኖ ይደርሳል። ስላሿ ከሌለች ደግሞ ደንበኛው እንደላከው ያልፋል። መመሪያው ላይ መጻፉን አልካድኩም፤ ግን ይህን ያህል ልዩነት በአንዲት ስላሽ ላይ ማንጠልጠል ምን የሚሉት ጥበብ ነው? የፕሮክሲው ሎግ የሚያሳየው ደንበኛው የላከውን አድራሻ በመሆኑ፣ ሎጉን ያየው የሲስተም ባለሙያ «ከእኛ ዘንድ ችግር የለም» ብሎ ጥፋቱን በፕሮግራመሩ ላይ ይጥላል።

አፓቼ የተባለው ሌላው ሰርቨር ደግሞ «አላው ኢንኮድድ ስላሽስ» የተባለው ቅንብር ሲጀመር ዝግ ስለሆነ ጥያቄውን ሳያስተላልፍ 404 (የለም) ብሎ ይመልሳል። ቆየት ባሉት እትሞቹ ላይ «ኖ ዲኮድ» ተብሎ ሲከፈትለት፣ ፕሮክሲ ፓሱ ላይ አድራሻውን እንዳይነካ የሚያዘው «ኖካነን» ካልተጨመረ ፐርሰንቷን ራሷን ኢንኮድ አድርጎ «ፐርሰንት ሁለት አምስት ሁለት ኤፍ» (%252F) ያደርጋታል። ከኋላ የጃቫ አፕሊኬሽኖችን የሚያሠራው ቶምካት ካለ እሱም የራሱ ክልከላ አለው። የዩአርኤል አጻጻፍን የሚደነግገው አርኤፍሲ 3986 እኮ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድን ጽሑፍ ደጋግማችሁ ኢንኮድም ዲኮድም አታድርጉ ይላል፤ ማን ሰምቶት!

ክልከላው በከንቱ አለመምጣቱን አውቃለሁ። በ2021 እ.ኤ.አ. አፓቼ 2.4.49 ላይ ኢንኮድ በተደረገች ነጥብ ተሹለክልኮ ከተፈቀደው ፎልደር ውጭ ያለ ፋይል ማንበብ ይቻል ነበር፤ 2.4.50 ቢወጣም ሁለት ጊዜ ኢንኮድ ያደረገ ሰው አልፎታልና 2.4.51 በጥድፊያ ወጣ። ይሁንና የሚከለክል አገልጋይ «አልቀበልም» ይበል እንጂ፣ ያለን ሰነድ «የለም» ብሎ መዋሸት ምን ይሉታል?

ከሁሉ የሚያበግነኝ የሚሰጠን ምክር ነው፦ «ርእሱን በእንግሊዝኛ አድርጉትና ተገላገሉ።» ከኤንጂንኤክሱ «ፕሮክሲ ፓስ» መስመር ላይ ስላሿን አጥፍቶ ሰርቨሩን ሪሎድ ማድረግ፣ ከአድራሻው መጀመሪያ የሚቆረጥ ነገር ካለም አፕሊኬሽኑ እንዲቆርጠው ማድረግ እየተቻለ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ለዓመታት በትክክለኛ አማርኛ የመዘገቡትን ሁሉ አንድ በአንድ ተቀምጠው እንዲለውጡ ይጠየቃሉ።