ምች አይደለም፣ አቦ!

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ዝግጅት ላይ የተጋበዙ እንግዳ ስለ ስትሮክ ተጠየቁ። «የሽማግሌና የሀብታም በሽታ ነው» አሉ። ቀጥለውም «ምልክት ምልክት እያላችሁ ሰዉን አታስፈራሩት፤ ራሱን ያመመው ሁሉ ሆስፒታሉን ያጥለቀልቀዋል» ብለው አረፉት። አዘጋጁም አብሮ ሳቀ።

የድሬ ሰው ነው ሆስፒታል የሚያጥለቀልቀው? ግፊቱን ለመለካት እንኳ «ነገ» እያለ ዓመት የሚያልፈው ሰው?

ጎረቤቴ 45 ዓመት አልሞላውም። ሀብታምም አይደለም። በርጫ ላይ እንደተቀመጠ የሻይ ብርጭቆው ከቀኝ እጁ ወደቀ። ሊናገር ሲል ምላሱ ተሳሰረ። «አቦ፣ መርቅኗል!» ተብሎ ተሳቀበት። አፉ ወደ አንድ ጎን ሲጣመም ሳቁ ቆመና «ምች ነው» ተባለ። ዳማከሴ አሽተው ፊቱን ቀቡት። ውሃ ሰጡት፣ ትን አለው። ከዚያ «ይተኛበት» አሉ። ሆስፒታል የደረሰው በማግስቱ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይቺ «ይተኛበት» ናት። ስትሮክ የሚመጣው የአንጎል ደም ስር በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው። ትልቅ ደም ስር ሲዘጋ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ገደማ የአንጎል ሴሎች ይሞታሉ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ባብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ደህና በርጫ እኮ ከዚያ ይረዝማል! መድኃኒቱ በየሆስፒታሉ እንደማይገኝ አውቃለሁ። ይሁን። መዘጋቱን ከመፍሰሱ የሚለየው ግን ሲቲ ስካን እንጂ የሰፈር ሰው አይደለም። ሳይለዩ አስፕሪን ማዋጥ የሚፈስ ደም ላይ ማባባስ ነው።

ደግሞ ይሄን ለመለየት ምን ዲግሪ ይጠይቃል? ፈገግ በል በሉት፤ አንዱ የፊቱ ጎን ይወድቃል? ሁለት እጁን ያንሳ፤ አንዱ ቁልቁል ይንሸራተታል? አንድ ነገር ይናገር፤ ይኮላተፋል? ዓይኑ ድንገት ቢጋረድበት፣ ሚዛኑን ቢስትም ያው ነው። አንዱ ይበቃል፤ ሦስቱ እስኪሟሉ አትጠብቁ። በ10 ደቂቃ «ለቀቀኝ» ቢልም ይሂድ፤ ትልቁ ከኋላ ሊመጣ ይችላል። የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፤ ሐኪሙ እሱን ይጠይቃል። ባጃጅ በየደጁ በቆመበት ከተማ ታማሚ ቤት ማሳደር ምን ይሉታል?

ጣቢያው ያርምልን። ያውም በዚያው ዝግጅት፣ ከምሳ በፊት። በርጫ ከተጀመረ ማንም አይሰማም።